የመኪና ሞተር የሚስበውን አየር እንዴት እንደሚመዝን



ከጎንደር ፒያሳ ዕቃ ጭኖ ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ወይም ከዛሪማ ተነሥቶ ጣልያኖች በወረራው ዘመን በጠረጉት በሊማሊሞ መንገድ ሽቅብ የሚወጣ መኪና፣ ዳገቱ ላይ ጉልበቱ እንደሚደክም ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ነጂው ጭነቱን ያማርራል፤ ባለጭነቱም መኪናውን። ሁለቱም የሚረሱት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም አየሩ ነው።

ሞተር ነዳጅ ብቻ አይበላም። አንድ ግራም ቤንዚን በደንብ እንዲነድ ወደ 15 ግራም የሚጠጋ አየር ያስፈልገዋል። በዚህ ሒሳብ አንድ ሊትር ቤንዚን 11 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል ማለት ነው። ጎንደር ግን ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች፣ አየርዋ ከምጽዋ ወደብ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ደባርቅ ሲደርሱ ጉድለቱ ሩብ ያህል ይሆናል።

እንግዲህ ሞተሩ ስንት ግራም አየር እንደ ገባለት በምን ያውቃል? በብዙዎቹ የዛሬ ቤንዚን መኪኖች ከፊልትሮው ቀጥሎ ባለው የአየር ቱቦ ውስጥ አንዲት ትንሽ መሣሪያ አለች፤ መካኒኮች ኤርፍሎ ሴንሰር ይሏታል። በውስጧ በኤሌክትሪክ የሚግል ቀጭን ሽቦ ወይም ስስ ቅጠል አለ። ከእሳት የወረደ ድስት ነፋስ ባለበት ደጅ ሲቀመጥ ቶሎ እንደሚቀዘቅዝ ሁሉ፣ የሚያልፈው አየር ሽቦውን ያቀዘቅዘዋል። መሣሪያዋም ሽቦው ከሚገባው አየር በተወሰነ መጠን እንደ ሞቀ እንዲቆይ ኤሌክትሪክ ትጨምርለታለች። ብዙ ኤሌክትሪክ ከፈለገ ብዙ አየር አልፏል ማለት ነው። የሳሳ አየር ሙቀት የመውሰድ ኃይሉ አነስተኛ ስለሆነ፣ መሣሪያዋ የምትለካው የአየሩን ስፋት ሳይሆን ክብደቱን ነው። የመኪናው ኮምፒውተር ይህን አይቶ ቤንዚኑን ይመጥናል።

ነገር ግን መሣሪያዋ የጎደለውን አየር ልታመጣ አትችልም። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው መኪና በደጋ ላይ ቢደክም ሁልጊዜ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ጭነት መቀነስ ነው።

እውነተኛው ጠላት አቧራ ነው። በተለይ በበጋ፣ እህል በሚጓጓዝበት ወራት፣ የተቀደደ ወይም በደንብ ያልተገጠመ ፊልትሮ ትቢያ ያስገባል። ትቢያው ሽቦው ላይ ሲለጠፍ እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል፤ ሽቦውም እንደሚገባው አይቀዘቅዝም። ኮምፒውተሩ ጥቂት አየር የገባ መስሎት ነዳጅ ይቀንሳል። ነዳጅ ሲረግጡት መኪናው ይንገጫገጫል፣ ዳገት ላይ ይለግማል፣ የሞተር መብራትም ሊበራ ይችላል። ከመሣሪያዋ በኋላ ያለው የጎማ ቱቦ ቢሰነጠቅም ያልተመዘነ አየር ስለሚገባ ምልክቱ ይመሳሰላል። አዲስ ሴንሰር ከመግዛት በፊት ቱቦውንና ፊልትሮውን ማየት ይገባል፤ ፊልትሮ በጣም ርካሽ ነው።

ሴንሰሩ ሲቆሽሽ ሞተሩ ጠፍቶ ከበረደ በኋላ፣ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ የሚነፋ ማጽጃ ይጸዳል፤ ሳይደርቅ አይገጠምም። በጨርቅ፣ በብሩሽ ወይም በኮምፕሬሰር አየር አይነካ፤ ሽቦው በጣም ቀጭን ነውና ይበጠሳል።

ይህ ሁሉ ለሁሉም መኪና አይደለም። አንዳንዶቹ በአየር ግፊት መለኪያ ይሠራሉ። በሜካኒካል ፓምፕ የሚሠሩ የቆዩ የናፍጣ አይሱዙዎች ደግሞ ይህ ሴንሰር ጨርሶ የላቸውም። ስለዚህ ሴንሰሩ ተበላሽቷል የሚላችሁ ሰው ቢመጣ፣ መጀመሪያ የት እንዳለ ያሳያችሁ።

በቤንዚን የሚሠራ የመስኖ ውኃ መሳቢያችሁ ሞተርም ብዙውን ጊዜ ሴንሰር የለውም፤ ካርቡራተር ነው ያለው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ 5 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠላችሁ ሞተር ጎንደር ላይ የሚሰጣችሁ 4 ያህሉን ነው። ካርቡራተሩም አየሩ መሳሳቱን ስለማያውቅ ቤንዚን ያበዛል። ጥቁር ጢስ ካያችሁና ካንዴላው ጥቀርሻ ከያዘ፣ በመጀመሪያ ፊልትሮውን አጽዱ። ካልተሻለው፣ ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈዋን ባለቀዳዳ ነሐስ በጠባብ ቀዳዳ እንዲለውጥላችሁ ለመካኒክ ንገሩት። ሞተሩ ወደ ቆላ ሲወርድ ግን የቀድሞዋ መመለስ አለባት፤ አለዚያ ቤንዚን አንሶት ከመጠን በላይ ይግላል።