ቡችላውን ማን ይይዘዋል?

(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርእሳችን ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት ቡችላ ስለ ማሳደግ ነው። ብዙዎቻችን ግቢ የሚጠብቅልን ውሻ እንፈልጋለን። ልጆቻችንም የጎረቤት ውሻ በወለደች ቁጥር «አንዱን እናምጣ» ይሉናል። ቡችላው ከመጣ በኋላ ግን ሥራው የሚወድቀው በእናት ወይም በትልቋ ሴት ልጅ ላይ ነው። ሳይነጋ እንጀራ የምንጋግር፣ ጉሊት የምንውል፣ ልጅ አድርሰን የምንመልስ እናቶች ሳናስብበት «እሺ» ማለት የለብንም።

ቡችላ ከእናቱ የሚለየው ስምንት ሳምንት ከሞላው በኋላ ቢሆን ይሻላል። በዚያ ዕድሜው በቀን ሦስት አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይበላል። ሲነቃና በልቶ ሲጨርስ ወዲያው ወደ ደጅ ብናወጣው የሚጸዳዳበትን ቦታ ይለምዳል። የቀረውን ጊዜ አብዛኛውን ይተኛል። ስለዚህ ቡችላ ቀኑን ሙሉ አይዘንም፤ ነገር ግን የማይዘለሉ ሰዓቶች አሉት፤ ጠዋት፣ ቀትር ላይ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስና ማታ ከመኝታ በፊት። እነዚህን ሰዓቶች ማን እንደሚይዝ ቡችላው ሳይመጣ በፊት በቤታችን እንነጋገር። አባትም፣ ወንድ ልጅም ድርሻ ይኑራቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባል የለ?

የአምስት ዓመት ልጅስ ምን ይሥራ? ውኃውን ይቀይርለት፤ ከእኛ ጋር ሆኖ ምግቡን ይስጠው። ይህ ይበቃዋል። ኃላፊነቱ የአዋቂ ነው። የልጁ የቤት ሥራ፣ ጨዋታው፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ወይም ቁርኣን ቤቱ በቡችላው ምክንያት አይቅርበት። እርሱ በሌለበት ሰዓት ሌላው ይተካው።

ጊዜም እንምረጥ። ልጅ ትምህርት ሲጀምር ወይም ቤት ውስጥ አራስ ሲኖር ቡችላ ማምጣት ድካም ላይ ድካም ነው። ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ በሐምሌ መጀመሪያ ስምንት ሳምንት ሞልቶት የመጣ ቡችላ እስከ መስከረም ቤቱንም ሰዓቱንም ይለምዳል። ሰው ካልተገኘ ግን «አሁን አይሆንም» ማለት ለልጁም ለእንስሳውም ደግነት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፤ ጤና ነው። ቡችላ ብዙ ጊዜ የአንጀት ትል ይዞ ይወለዳል፤ ትሉም በዐይነ ምድሩ ወደ ልጅ ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ የትል መድኃኒት ከእንስሳት ሐኪም እንውሰድለት፤ ልጁም ከነካው በኋላ እጁን በሳሙና ይታጠብ። በበዓል ዕርድ ጊዜ ጥሬ ጉበትና ሳንባ ለውሻ አንጣል፤ ውሻውን በትል ያስይዘዋል፤ ከውሻው ደግሞ ወደ ሰው ይተላለፋል። ቡችላው ሲበላና ሲተኛ ልጅ እንዳይነካው እናስተምር፤ ሁለቱን ብቻቸውንም አንተዋቸው።

ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይከተብ፤ ክትባቱም በሐኪሙ ቀጠሮ ይደገም። ይህ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። አስቀድሞ ግን መከላከል ይቻላል። ውሻ ልጅን ከነከሰ ወይም ከቧጠጠ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውኃና በሳሙና እንጠበው፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ እንውሰደው። የታዘዘውንም ክትባት እስከ መጨረሻው እናስጨርሰው። ጸበል ወይም የባህል መድኃኒት የሚሻ ቤተሰብም ቢሆን ክትባቱን አይተው።

እህቶቻችን፣ አንድ ሐሳብ አለን። ውሻ ያለን አባላት እንደ ዕቁባችን በየወሩ ጥቂት ብር እናስቀምጥ። የእንስሳት ሐኪም በአንድ ቀን፣ በአንድ ግቢ የሁላችንንም ውሾች ቢከትብልን ጊዜያችን ይተርፋል፤ ወጪውም ሊቀልልን ይችላል። ለማይችሉት አባላት ደጋፊዎቻችን እንዲያግዙን እንጠይቃለን። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን አብዛኛውን ጊዜ በመስቀል ማግስት፣ መስከረም 18 ይውላል። እስከዚያ ድረስ በየግቢያችን ያልተከተበ ውሻ እንዳይኖር ዛሬ እንወስን። ፈቃደኛ የሆናችሁ ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን አስመዝግቡ።