ስለ ድምፅ ሞገድ መስኮት
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገር የተነሣሁት ስለ አንድ ጥያቄ ነው። ይኸውም በአንድ ሞገድ ውስጥ የትኛው ድምፅ በየትኛው ቅጽበት እንደ ተሰማ አጥርቶ ማወቅ እስከ ምን ድረስ ይቻላል? የሚል ነው።

ከበሮ ሲመታ የተመታበትን ቅጽበት ማንም ያውቃል፤ የድምፁን ቅጥነት ግን በትክክል መናገር ይቸግራል። ዋሽንት ረዘም ተደርጎ ሲነፋ ግን ቅጥነቱ ግልጽ ነው። ይህ የጆሮ ድክመት ሳይሆን የሞገድ ጠባይ ነው።

መሐንዲሶች ሞገድን በትንንሽ የጊዜ ቍራጭ እየከፋፈሉ ይመረምሩታል፤ ቍራጩም መስኮት ይባላል። በሰከንድ 440 ጊዜና 444 ጊዜ የሚርገበገቡትን ሁለት ድምፆች ለመለየት የሩብ ሰከንድ ያህል መስኮት ያስፈልጋል። መስኮቱ ወደ መቶኛ ሰከንድ ቢያጥር ቅጽበቱ ይጠራል፤ ነገር ግን በ100 ያህል ርግብግቢት የማይራራቁ ድምፆች ይደባለቃሉ። በሀንጋሪ የተወለደው ዴኒስ ጋቦር እ.ኤ.አ. በ1946 እንዳስረዳው፣ የጊዜው ስፋትና የድግግሞሹ ስፋት ሲባዙ ከተወሰነ ልክ በታች አይወርዱም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንደኛው ዘዴ ለወፍራም ድምፅ ረዥም፣ ለቀጭን ድምፅ አጭር መስኮት መስጠት ነው። ነዳጅ ለመፈለግ የምድርን ንዝረት ያጠና የነበረው ፈረንሳዊው ዣን ሞርሌ ይህን የዌቭሌት መንገድ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ አስጀመረ። ሁለተኛው ዘዴ በሥዕሉ ላይ የተበተነውን ጉልበት ወደ መካከሉ መልሶ መሰብሰብ ነው፤ ኦዤና ፍላንድራን እ.ኤ.አ. በ1995 አስፋፍተውታል።

ሦስተኛው የሚፈለገውን ሞገድ መልክ አስቀድሞ ማስላት ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 14 ቀን 2015 በአሜሪካ ያሉት ሁለቱ የላይጎ መሣሪያዎች ከሁለት ብላክ ሆሎች መጋጨት የመጣ የስበት ሞገድ ተቀበሉ። ሞገዱ በ0.2 ሰከንድ ውስጥ በሰከንድ ከ35 ጊዜ ወደ 250 ጊዜ ከፍ አለ። ሊቃውንቱ ከአንስታይን ትምህርት ያሰሉትን መልክ ከተቀበሉት ጋር ስላስተያዩ፣ የግጭቱን ታሪክ ከጫጫታው መካከል ለይተው አነበቡ።

ወገኖቼ፤ ከዚህ የምንማረው ጥራት በነጻ የማይገኝ መሆኑን ነው። የሚገዛው ወይ በረዘመ ጊዜ፣ ወይ አስቀድሞ በታወቀ ነገር ነው። ሁለተኛው ዘዴ መሥመሩን ያቀጥናል እንጂ በጣም የተቀራረቡ ሁለት ድምፆችን አንድ አስመስሎ ሊያሳየን ይችላል። ነገ የልብን ትርታ የሚመረምር ሐኪም ወይም የሞተርን ድምፅ የሚያዳምጥ መሐንዲስ የሚሆነው ከመካከላችን ነው። ያማረ ሥዕል በቀረበለት ጊዜ «ይህ ጥራት በምን ተገዛ?» ብሎ ይጠይቅ። መልስ የማይገኝለት ከሆነ፣ በዚያ ሥዕል ላይ ፍርድ አይስጥ።