«ምን ገባበት?»



በመካነ ብርሃንም ሆነ በደባርቅና በዳባት፣ ጾመኛ እንግዳ ገበታ ሲቀርብ እጁን ከመስደዱ በፊት የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ «የጾም ነው የፍስክ?» ጠያቂው አያፍርም፤ ባልትና የምታውቀዋም አትቆጣም። ወጡ በቅቤ ይሁን በዘይት፣ ሊጡ እንቁላል ይኑረው አይኑረው ቁልጭ አድርጋ ትነግረዋለች። እኔም ዛሬ የማሳስበው በዚህ መልካም ልማድ ላይ አንድ ጥያቄ እንድንጨምርበት ነው።

ድንች ወይም ካሮት ነክረን የምንጠብስበትን ቀጠን ያለ ሊጥ እንውሰድ። በፍስክ እንቁላል ይመታበታል፣ ወተት ይጨመርበታል። እንቁላሉ በትኩስ ዘይት ረግቶ ሊጡን ያያይዘዋል፤ ወተቱ ቀለሙን ያሳምረዋል። ጾም ሲገባ ሁለቱም ይቀራሉ፤ ያኔ ተተኪ ይፈለጋል። የደቀቀ ተልባ ውሃ ሲነካው ያሟልጫልና አንድ የሾርባ ማንኪያ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ ተበጥብጦ የአንድ እንቁላል ቦታ ይይዛል። የሽምብራ ዱቄትም ሊጡን ያጠነክረዋል። እንቁላልና ወተት የማይስማማው ልጅ እንግዲህ በጾም ሊጥ ያርፋል።

ነገር ግን ተተኪው ራሱ ሌላውን ሰው ሊጎዳ ይችላል። ተልባ፣ ሽምብራ፣ ምስር ወይም ሰሊጥ አለርጂ የሚቀሰቅስባቸው ሰዎች አሉ። ግብጦን ተመልከቱ፦ ቀናት ሙሉ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ምሬቱ ይወጣል፤ አለርጂ የሚያስነሳው ፕሮቲን ግን አብሮ አይወጣም። የኦቾሎኒ ዘመድ በመሆኑም ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ሊጠነቀቀው ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት በ2006 እ.ኤ.አ. ግብጦን በማሸጊያ ላይ በግዴታ ከሚጻፉት የአለርጂ ምግቦች ጋር መድቦታል። አሜሪካም ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰሊጥን እንዲሁ አድርጋለች። ከመተማና ከሁመራ የምንልከው ሰሊጥ ባሕር ማዶ ስሙ ተጽፎ ይበላል፤ እዚህ ግን ማንም አይጠይቅበትም። ስንዴን በገብስ መተካትም ግሉተን የማይስማማውን ሰው አያድነውም፤ ግሉተን በገብስም አለና። ጤፍ ግን ከዚህ ነፃ ነው።

«እሳት ያየው ምግብ አይጎዳም» የሚል ይኖራል። ብዙዎቹ የአለርጂ ፕሮቲኖች ግን የመጥበሻ ሙቀት አይበግራቸውም። እንቁላል ያለው ሊጥ የተጠበሰበት ዘይትም ለጾሙ ሊጥ ሲውል ቅሪቱን ይዞ ይሻገራል።

ምልክቱን እንወቅ፦ ከንፈር ያብጣል፣ ገላ ችፍ ይላል፣ ያስመልሳል፣ ሲከፋ ትንፋሽ ያጥራል። ይህን ዓይን ነው፣ ቡዳ ነው እያልን ስንዘገይ ሰው ሊያመልጠን ይችላል። ትንፋሽ ካጠረ መድኃኒቱ የአድሬናሊን መርፌ ነውና በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም እንሩጥ።

ታዳሚዎቼ፣ ለዚህ ሁሉ መነሻው «ምን ገባበት?» የሚለው ጥያቄ ነው። ጠባሿ ሳትደብቅ ትመልስ፤ እንግዳውም ሳያፍር ይጠይቅ። ከሁሉ በላይ «አይስማማኝም» ያለንን ሰው «በሞቴ!» ብለን ጉርሻ አናስገድደው። ጾመኛን «በሞቴ ቅቤ ቅመስ» የሚል በአገራችን የለም፤ ለዚህኛውም ያንኑ ክብር አንንፈገው።