መንገዱ የነዋሪውም ነው
(ለደባርቅና ለዳባት ከተማ መራጮች የተደረገ ንግግር)



ከጎንደር ወደ ሽሬ የሚያልፈው አውራ ጎዳና የሁለቱም ከተሞቻችን ዋና መንገድ ነው። ሊማሊሞን የወጣ የጭነት መኪና፣ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ለገበያ የሚነዳ ከብትና ተማሪ ልጅ በአንድ አስፋልት ይጋፋሉ። ዳር የቆመ መኪና የእግረኛውን ቦታ ሲይዝ ልጁ ወደ መሀል ይወጣል። አደጋ ሲደርስ ግን «የእግረኛ ጥፋት» ይባላል!

ድርጅታችን ቢመረጥ የከባድ መኪና ማቆሚያው በከተማው መግቢያና መውጫ እንዲሆን፣ በትምህርት ቤቶች አጠገብ የፍጥነት መቀነሻ እንዲሠራ፣ የጎርፍ መውረጃው ቦይ ተከድኖ እግረኛ እንዲሄድበት ያደርጋል። አውራ ጎዳናው የፌዴራል ስለሆነ ማዘጋጃ ቤቱ ብቻውን አይለውጠውም፤ ይህን ሸሽገን ድምፅ አንለምንም።

ስለ ዛፍም እንናገር። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ወደ ሳንቃ በር የሚያልፈውን ጎብኚ የምትቀበለው ደባርቅ የራሷ ጥላ ያስፈልጋታል። ባሕር ዛፍ ውኃ ይሻማል፤ እኛ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ እንተክላለን። መትከሉስ ቀላል ነው፤ ከፍየል ለሚጠብቀው አጥርና በበጋ ለሚያጠጣው ሰው ግን በጀት እንይዛለን።

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት መንገድ አስፍቷል፤ ብዙዎችንም ከቀያቸው አንሥቷል። እኛ ዕቅዱ በየቀበሌው ሳይለጠፍና ሳትመክሩበት በማንም ግድግዳ ላይ ቀለም አንቀባም። ቤቱ የሚነሣበት ሰው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት የሚገባውን ካሣ አስቀድሞ ይቀበላል። ሱቅ የተከራየው ነጋዴም በስብሰባው ተገኝቶ ይናገራል።