አደይ አበባና የማጀቴ ተረተር

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ አደይ አበባ መልክ በዘፈንና በቅኔ ብዙ ተብሏል። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለ ዘሩ ነው።

አደይ ዓመታዊ ተክል ነው። በክረምቱ ዝናብ ይበቅላል፣ በመስከረም ያብባል፣ ኅዳር ሲገባ ዘሩን እያራገፈ ይደርቃል፤ ሥሩም ለከርሞ አይተርፍም። ከዚያ እስከሚቀጥለው ክረምት ድረስ ያለው ሀብት በአፈር ውስጥ የተኛው ዘር ብቻ ነው። ዳርዳሩን የተሰለፉት ቢጫ መልኮች ዓይንን ከመሳብ በቀር ዘር አያፈሩም፤ ፍሬው ያለው በመካከል በታጨቁት ደቃቅ አበቦች ውስጥ ነው። ስለዚህ አበባው በደመቀበት ሳምንት የታጨደ ተረተር ለዘር የሚሆን ነገር አያስቀርም።

አደይ ብለን በአንድ ስም የምንጠራቸው ተክሎች ከአንድ በላይ ሲሆኑ፣ የሳይንስ ወገናቸው ቢደንስ ይባላል፤ በላቲን ሁለት ጥርስ ማለት ነው። ዶክተር መስፍን ታደሰ ስለዚሁ ወገን በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1984 አሳትመዋል። ከአሜሪካ አህጉር መጥቶ ዓለምን ያዳረሰው፣ በልብሳችን ላይ የሚጣበቀው ጭጎጊትም የዚሁ ወገን ነው። እንግዳው ዘመድ በየጓሮው ሲንሰራፋ ባለቤቱ ወደ ጠርዝ ተገፍቷል። (የኑግ ማሳ አይቶ «አደይ!» የሚለው መንገደኛ ብዙ ስለሆነ የቀረውን መጠን አብልጠን እንዳንገምት ያስፈልጋል።)

ከሸዋ ሮቢት የማሾና የማሽላ ማሳ ተነሥቶ፣ በአጣዬ በኩል ወደ ማጀቴ፣ ከዚያም ወደ መንዝ አፋፍ ለሚወጣ ሰው፣ ቆላው በወይናደጋ፣ ወይናደጋውም በደጋ ሲተካ በአንድ ቀን ጉዞ ያየዋል። የይፋት ቆላ ለአደይ አይስማማውም፤ አገሩ ከዚያ በላይ ያለው ነው። እዚያም ቢሆን ለም የሆነው መሬት ለእህል ስለሚውል፣ ለእርሱ የሚተርፈው የማሳ ድንበር፣ የእርከን ጠርዝና ድንጋያማው ተረተር ነው። ድንበሩ በታረሰ ቁጥር፣ ተረተሩም ለከብት መኖ ገና በለጋነቱ በታጨደ ቁጥር የአፈሩ ጎተራ ይጎድላል። ልጃገረዶች ለእንቁጣጣሽ የሚቀጥፉትን እቅፍ ግን አልወቅስም፤ ጫፉ የተቀጠፈ አደይ ከጎኑ ቅርንጫፍ አውጥቶ ማበብ ይችላል። ከሥሩ ተነቅሎ ለገበያ የሚቀርበው ግን ከነዘሩ ይጠፋል።

መድኃኒቱን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ የለብንም። ከዚሁ አፋፍ በላይ በመንዝ፣ የጓሳን ምድር ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ሣሩ አንዳንድ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር፤ የሚከፈተውም በአብዛኛው በበጋው መካከል፣ በየካቲት ወይም በመጋቢት ነበር። ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በ1975 ከወጣው የመሬት አዋጅ በኋላ ቢዳከምም፣ ሕዝቡ ጓሳን መጠበቁን አልተወም። ጓሳ ለአደይ እጅግ ከፍ ያለና ቀዝቃዛ አገር ነው፤ ከዚያ የምንወስደው የቀን አቆጣጠሩን ነው። በየካቲት የሚታጨድ ሣር ዘሩን ቀድሞ አራግፏል።

በማጀቴ ዙሪያ ለሚሠሩ የግብርና ባለሙያዎችና መምህራን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ ሙሉ ተራራ መከለል ሳያስፈልግ፣ በየእርከኑ ጠርዝ ሁለት ክንድ ያህል ስፋት የአደዩ ራስ ጠቁሮ ዘሩ እስኪረግፍ ድረስ ሳይታጨድ ይቆይ። ለገበሬው የሚጎድልበት ጥቂት ሸክም መኖ ነው፤ እርሱንም ቢሆን ደረቅ ሆኖ በኋላ ያገኘዋል። የትኛው ጠርዝ እንደሚቆይ የሚወስነው ግን ማጭዱን የያዘው ሰው ስለሆነ፣ ውይይቱ ከእርሱ ጋር፣ ከነሐሴ በፊት ሊጀመር ይገባል።