ስም ያጡ ድምፆች
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ ጃዝ ጣዕም ለመከራከር አይደለም፤ ጣዕም የየራስ ነውና። የምንናገረው በአንድ ሌሊት ተጫውተው ድምፃቸው ሲቀረጽ፣ ስማቸው ግን ስለ ጠፋ ወይም ስለ ተሳሳተ ሰዎች ነው። ዓመቶቹን የምንጠራው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በ1941 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ጄሪ ኒውማን የሸክላ መቅረጫውን ተሸክሞ በኒው ዮርክ፣ ሐርለም ወደሚገኘው ሚንተንስ እየሄደ ጊታር ተጫዋቹን ቻርሊ ክሪስቲያንን ቀረጸ። ክሪስቲያን በማርች 1942 ገና በ25 ዓመቱ ሞተ። ሸክላዎቹ በኋላ ለገበያ ሲወጡ አንዱ ዜማ «ስዊንግ ቱ ቦፕ» ተባለ። ይሁን እንጂ በ1941 «ቦፕ» የሚባል ስም ገና አልተለመደም ነበር፤ እንግዲህ ይህ ስም የመጣው ከሻጭ እንጂ ከተጫዋች አይደለም። የዜማውን አካሄድ ልብ ብሎ ያዳመጠ ሰው፣ የካውንት ቤዚ ጓድ በ1937 ያስቀረጸው «ቶፕሲ» መሆኑን ያውቀዋል። በነዚያው ሸክላዎች አንዳንዶቹ ላይ ፒያኖውን የመታው ቴሎኒየስ ሞንክ ነው ወይስ ኬኒ ከርሲ የሚለው ክርክር ደግሞ ብዙ ዘመን ቆይቷል።

ሁለተኛው ምሳሌ ይህ ነው። የሞንክና የጆን ኮልትሬን ጨዋታ ከፋይቭ ስፖት ቡና ቤት በኮልትሬን ባለቤት በናይማ ተቀርጾ በ1993 ሲታተም፣ ዘመኑ 1957 ነው ተባለ። ነገር ግን ከበሮ መቺው ሮይ ሄይንስ ነው። በ1957 በዋነኛነት ከነርሱ ጋር ይመታ የነበረው ሻዶው ዊልሰን ሲሆን፣ ሄይንስ ከሞንክ ጋር በዚያ ቤት የሠራው በ1958 ነው። ኮልትሬንም በሴፕቴምበር 1958 በጆኒ ግሪፊን ፈንታ ለአንድ ምሽት ተተክቶ ነፍቷል። ስለዚህ ዓመቱ ታረመ። የክሩም ፍጥነት የተዛባ ነበርና እርሱም ተስተካከለ። ክር ከመቶ ስድስት እጅ ያህል ቢፈጥን ድምፁ በግማሽ ቶን ይቀጥናል፤ የታወቀ ዜማ ባልተለመደ ቅኝት ሲሰማ የክሩን ፍጥነት መጠርጠር ይገባል።

ሦስተኛው፣ እነዚሁ ሁለት ሰዎች በኖቬምበር 29 ቀን 1957 በካርኔጊ አዳራሽ ሲጫወቱ የአሜሪካ ድምፅ ራዲዮ ቀርጿቸው ነበር። ክሩ በአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ተኝቶ ኖሮ፣ ገና በ2005 ላሪ አፕልባም አገኘው። ፍንጩ በሣጥኑ ላይ በእጅ የተጻፈ የሞንክ ስም ነበር። አንድ ሰው በዚያች ቅጽበት እርሳስ ስላነሣ፣ ሥራው ከ47 ዓመት በኋላ ከነባለቤቱ ተገኘ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ቅጂም እንደ ምስክር መጠየቅ አለበት፤ መቼ? የት? ከማን ጋር? የሰውየው ሞት፣ የጓደኛው የሥራ ዘመን፣ የአዳራሹ ማስተጋባት፣ የፒያኖው መዛባት፣ የአስተዋዋቂው ቃል፣ ሁሉም ይመሰክራሉ። «እርሱን ይመስላል» ማለት ግን ፍንጭ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ጥሩ ደቀ መዝሙር መምህሩን ይመስላልና።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ነው ብትሉን፣ ስም ማለት ክብር ነው፤ ከዚያም በላይ የድካም ዋጋ ነው። ቅጂ ሲሸጥ ስሙ ያልተጻፈው ባስ ተጫዋች፣ እርሱም ሆነ ልጆቹ፣ ምን ብለው ይጠይቃሉ? ታዋቂው ስም ሸክላውን ይሸጣል፤ ከኋላ የቆመው ሰው ግን ይረሳል።

ዛሬ እያንዳንዳችን መቅረጫ በኪሳችን ይዘን እንዞራለን። ስለዚህ የምንለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጨዋታ በቀረጻችሁ ሌሊት፣ ሳታንቀላፉ፣ ቀኑን፣ ቦታውንና የሁሉንም ስም ጻፉ። ከዘፋኙ አትጀምሩ፤ ከከበሮ መቺው ጀምሩ። የዘፋኙን ስም ሌላ ሰው አይረሳውም።