ወንዝ ዳር የሚቆም ኃይል ማመንጫ ከወንዙ ምን ይጠይቃል?



ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚጓዝ ሰው የከፋን ምድር የሚረግጠው የጎጀብን ድልድይ ተሻግሮ ነው። የጥንቱ የከፋ መንግሥት የሰሜን ወሰን የነበረው ይህ ወንዝ፣ ከደኑ የሚወርዱትን ጅረቶች እየሰበሰበ ወደ ምሥራቅ ይፈስና ከኦሞ ጋር ይቀላቀላል። መገናኛቸው ከግልገል ግቤ 3 ግድብ በላይ በመሆኑ፣ በቦንጋ ዙሪያ የጣለው ዝናብ ውሎ አድሮ በዚያ ግድብ ተርባይን ያዞራል። ጎጀብን ራሱን ገድቦ 150 ሜጋ ዋት ያህል ለማመንጨት በ1990 ዓ.ም. ገደማ የታሰበው ሥራ ግን ከወረቀት አላለፈም።

በመስከረም 2018 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሩሲያ የኒዩክሌር ኃይል ማመንጫ ስለመገንባት የተግባር መርሐ ግብር ተፈራርመዋል። ከፋ ለዚህ ታጭቷል ማለት አይደለም። ሆኖም እንዲህ ያለው ጣቢያ ብዙ ውኃ ባለበት የሚቆም ስለሆነ፣ የግቤና የኦሞ ተፋሰስ ያስተማረውን ይዞ ነገሩን አስቀድሞ መመርመር የመሐንዲስ ተግባር ነው።

ግልገል ግቤ 1 ሥራው በደርግ ዘመን ተጀምሮ፣ በመሐሉ ተቋርጦ፣ በ1996 ዓ.ም. 184 ሜጋ ዋት ማመንጨት ጀመረ። ግልገል ግቤ 2 የራሱ ትልቅ ግድብ የለውም፤ ከመጀመሪያው ጣቢያ የወጣውን ውኃ ተቀብሎ 26 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ ተራራውን ሰንጥቆ ወደ ኦሞ ሸለቆ ያወርደዋል። 500 ሜትር ያህል ከሚሆነው የከፍታ ልዩነትና በሰከንድ 100 ሜትር ኩብ ከሚጠጋ ውኃ 420 ሜጋ ዋት ይገኛል። ዋሻው በቀላሉ አልተገኘም። በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ ቁፋሮው የተሰባበረ ዓለት ላይ ሲደርስ፣ በከፍተኛ ግፊት የወጣ ጭቃ ያን ሁሉ ብረት የተሸከመውን የመቆፈሪያ መኪና ወደ ኋላ ገፍቶታል። ጣቢያው በጥር 2002 ዓ.ም. ተመርቆ ጥቂት ቀናት ሳይቆይም የዋሻው አንድ ክፍል ተደርምሶ ለወራት ሥራ አቆመ። ከዚህ በታች 243 ሜትር ከፍታና 1,870 ሜጋ ዋት አቅም ያለው ግልገል ግቤ 3 በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ስለዚህ ያው አንድ ሜትር ኩብ ውኃ ሦስት ጊዜ ይሠራል፤ ይህን የመሰለ ቁጠባ በሌላ የኃይል ምንጭ ማግኘት ያስቸግራል።

የዚህ ሥርዓት ድካሙ ሰማዩ ነው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ግቤ 3 ሐይቅ ውኃ በማነሱ በመላ አገሪቱ መብራት በፈረቃ ሆነ። ፋብሪካ ቆመ፣ ዳቦ ቤት ተቸገረ፤ ጣቢያው ራሱ ግን ምንም አደጋ አልደረሰበትም። ውኃ ያነሰው ተርባይን ዝም ብሎ ይቆማል፤ ዝናቡ ሲመለስ ይነሣል።

የኒዩክሌሩ ጣቢያ ጠባይ ሌላ ነው። 1,000 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ሪአክተር ከሚያመነጨው ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ሢሶውን ያህል ብቻ ሲሆን፣ የቀረው 2,000 ሜጋ ዋት መውጫ ይፈልጋል። ሙቀቱ በቀጥታ ወደ ወንዝ ይለቀቅ ቢባልና ውኃው በ10 ዲግሪ እንዲሞቅ ቢፈቀድ፣ በሰከንድ 48 ሜትር ኩብ ያህል ያስፈልጋል። በማቀዝቀዣ ማማ ከሆነ ፍላጎቱ እጅግ ይቀንሳል፤ በትነት የሚጠፋው በሰከንድ አንድ ሜትር ኩብ እንኳ አይሞላም። ያ ውኃ ግን ተርባይን አዙሮ እንደሚመለሰው አይደለም፤ ለታችኛው ተጠቃሚ አይደርስም። በነሐሴ 1995 ዓ.ም. አውሮፓን ሐሩር በመታበት ጊዜ ፈረንሳይ የወንዞቿ ውኃ ከመጠን በላይ በመሞቁ የአንዳንድ ጣቢያዎቿን ኃይል ለመቀነስ ተገድዳለች።

ዋናው ነጥብ ግን የውኃው ብዛት አይደለም። ሪአክተር ከጠፋ በኋላም ይሞቃል። በጠፋበት ቅጽበት ከሙሉ ሙቀቱ ከ6 እስከ 7 በመቶ፣ ከአንድ ቀን በኋላም ግማሽ በመቶ ያህል ይቀራል፤ ለ3,000 ሜጋ ዋት ሙቀት ይህ የመጨረሻው እንኳ 15 ሜጋ ዋት ነው። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. በጃፓን ፉኩሺማ የደረሰውም ይኸው ነው። ሪአክተሮቹ በምድር መናወጡ ጊዜ በሥርዓት ጠፍተው ነበር፤ ከዚያ የመጣው ማዕበል ግን የማቀዝቀዣውን ፓምፕ የሚያንቀሳቅሰውን ኃይል ስላቋረጠው እምብርታቸው ቀለጠ፤ ባሕር ከደጃቸው ሳለ ማለት ነው። የውኃ ግድብ ወንዙን መጠበቅ ይችላል፤ ሪአክተር መጠበቅ አይችልም።

እንግዲህ ስለ ማንኛውም ወንዝ በዓመቱ አማካይ ፍሰት መነጋገር ለግድብ ይበጅ ይሆናል እንጂ ለኒዩክሌር አይበቃም። መለካት ያለበት በብዙ ዓመታት ውስጥ እጅግ የደረቀው ሳምንት ነው። የጎጀብ ውኃ በበጋ የሚዘልቀው ደኑ በክረምት የጠጣውን ቀስ እያለ ስለሚለቅ ነው፤ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ የተመዘገበው የከፋ ደን በመሐንዲስ ሒሳብ እንደ አንድ ማጠራቀሚያ ሊቈጠር ይገባዋል። የታችኛውን ሰው መርሳትም አይቻልም። ቱርካና ሐይቅ ከሚያገኘው ውኃ 90 በመቶ ያህሉ የኦሞ ነው፤ የሐይቁ ብሔራዊ ፓርኮች በሰኔ 2010 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት የዓለም ቅርሶች መዝገብ ሲገቡ ከተነሡት ምክንያቶች አንዱ በላይ የተሠራው ግድብ ነበር። ለአዲስ ጣቢያ ቦታ የሚመርጥ ቡድን ከሪአክተሩ ሥዕል በፊት የዝናብ መለኪያውንና የወንዙን የፍሰት መዝገብ ይዞ ቢነሣ ይሻላል፤ መዝገቡ ክፍተት ካለበትም፣ ጉድለቱ የሚሞላው ወንዝ ዳር ቆሞ በመለካት ብቻ ነው፤ ያም ዓመታት ይወስዳል።